የትምህርት ቴክኖሎጂ በሚሠራባቸው ክፍሎች የመምህሩ ድርሻ

ቴሌቪዥን፣ ኮምፒውተር፣ ታብሌትና የእጅ ስልክ ወደ መማሪያ ክፍል በገቡ ቁጥር ከወላጆችና ከተማሪዎች ተደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ትምህርቱ በማያ ገጽ ላይ የሚታይ፣ ማብራሪያውም ከተቀረጸ ድምፅ የሚሰማ ከሆነ መምህሩ ምን ይሠራል? ጥያቄው አንዳንድ ጊዜ «ልጄ ቪዲዮ ሲያይ ነው የሚውለው፤ መምህሩ አያስተምርም» በሚል ቅሬታ መልክ ይቀርባል። ሌላ ጊዜ ደግሞ በተቃራኒው «ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር እያለው መምህሩ ዛሬም በጠመኔ ነው የሚያስተምረው» ይባላል። ሁለቱም ቅሬታዎች እንደ ሁኔታው ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሁለቱም መሠረት የሌላቸው ሆነው ሊገኙም ይችላሉ። አንዱን ከሌላው ለመለየት በእንዲህ ዓይነቱ ክፍል ውስጥ ከመምህሩ ምን እንደሚጠበቅ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለዚሁ ነው።

ከፕላዝማው የተገኘው ልምድ

ኢትዮጵያ ለዚህ ጥያቄ አዲስ አይደለችም። በሬዲዮ የሚሰጥ ትምህርት ከንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ጀምሮ የነበረ ሲሆን፣ ከሬዲዮው ሥርጭት ጋር ለመምህሩ የሚላክ መምሪያ መጽሐፍም ነበረው። መምህሩ ከሥርጭቱ በፊት ምን ማዘጋጀት እንዳለበት፣ ከሥርጭቱ በኋላም ምን መጠየቅ እንዳለበት በመምሪያው ላይ ያገኝ ነበር። ይሁንና ጥያቄው በሀገር አቀፍ ደረጃ ጎልቶ የወጣው በ1997 ዓ.ም. አካባቢ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፈው የቴሌቪዥን ትምህርት ሲጀመር ነው። ሕዝቡ ከቴሌቪዥኑ ዓይነት በመነሣት «ፕላዝማ» ብሎ የጠራው ይህ ትምህርት ሂሳብን፣ ፊዚክስን፣ ኬሚስትሪን፣ ባዮሎጂን፣ እንግሊዝኛንና ሥነ ዜጋን የመሳሰሉ ትምህርቶችን ያካተተ ነበር። ዝግጅቱ የተቀረጸው በደቡብ አፍሪካ ሲሆን፣ ማብራሪያው የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነበር።

የፕላዝማው ትምህርት ያስገኘው ጥቅም አሌ የሚባል አይደለም። ቤተ ሙከራ በሌለው፣ ኬሚካል ገዝቶ ማቅረብ በማይችል ትምህርት ቤት የተቀመጠ ተማሪ አሲድና ቤዝ ሲዋሐዱ የሚሆነውን በዓይኑ አይቷል። በአዲስ አበባ የሚማረውና ከዋና መንገድ ርቆ በሚገኝ የወረዳ ከተማ የሚማረው አንድ ዓይነት ማብራሪያ በአንድ ሰዓት ሰምተዋል። በአንድ ትምህርት በቂ ሥልጠና ያለው መምህር ባልነበረባቸው ቦታዎችም ክፍተቱን በመጠኑ ሸፍኗል።

ነገር ግን ሥርጭቱ አይቆምም ነበር። የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ደቂቃ የሚወስደው ማያ ገጹ ሲሆን፣ ለመምህሩ የሚቀረው በመግቢያና በመዝጊያ ላይ ያለው ጥቂት ደቂቃ ነበር። ተማሪው ያልገባውን ነገር ቢጠይቅ ሥርጭቱ ወደሚቀጥለው ርዕስ ያልፋል። መምህሩ ለመመለስ ቢሞክር ቀጣዩ ማብራሪያ ያመልጣል። መብራት ከጠፋ ደግሞ የዚያ ቀን ትምህርት አለፈ ማለት ነው። በማያ ገጹ ላይ «አሁን ጥያቄውን ሥሩ» የሚል መመሪያ ይወጣና ተማሪው ቁጥሮቹን ገልብጦ ሳይጨርስ መልሱ ይታያል። በወቅቱ በሀገር ውስጥ ምሁራን የተደረጉ ጥናቶች በተደጋጋሚ ያመለከቱትም ይህንኑ ነው፤ የትምህርቱ ፍጥነት፣ የቋንቋው ክብደት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የመምህሩ ወደ ዳር መገፋት። በሙያቸው የሚተማመኑ መምህራን ቴሌቪዥን ከፍቶ ከመዝጋት ያለፈ ድርሻ የለንም የሚል ስሜት አድሮባቸው እንደነበር በግልጽ መናገር ይገባል።

በዚያው ዘመን ብዙ መምህራን በራሳቸው ጥረት መፍትሔ ፈልገዋል። ሥርጭቱ ከመጀመሩ በፊት ከባድ የእንግሊዝኛ ቃላትን በጥቁር ሰሌዳው ዳር ጽፈው ትርጉማቸውን ያስረዱ ነበር። ሥርጭቱ እየተካሄደም ዋና ዋና ቀመሮችን በሰሌዳው ላይ ያስቀሩ ነበር፤ ማያ ገጹ ሲያልፍ ሰሌዳው ስለማያልፍ። ከትምህርት ሰዓት ውጭ የማካካሻ ክፍለ ጊዜ ይዘው ያልገባውን በሚገባቸው ቋንቋ የደገሙም አሉ። እነዚህ መምህራን ያደረጉት ነገር ዛሬ ስለ መምህሩ ድርሻ የሚነገረውን በሙሉ በውስጡ የያዘ ነው። ማያ ገጹ የትምህርቱን ይዘት ሊያቀርብ ይችላል፤ ከፊቱ የተቀመጡት ተማሪዎች እነማን እንደሆኑ፣ ትናንት ምን እንደገባቸውና ምን እንዳልገባቸው ግን አያውቅም። ይህን የሚያውቀው መምህሩ ብቻ ነው።

በሌሎች ሀገሮች የታየውም ከዚህ የራቀ አይደለም። ፔሩ ለሕፃናት እጅግ ብዙ ላፕቶፖችን ካከፋፈሉ ሀገሮች አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ2012 የኢንተር አሜሪካን ልማት ባንክ ባለሙያዎች በሀገሪቱ ገጠር በሚገኙ 319 ትምህርት ቤቶች ላይ ያደረጉትን ጥናት ይፋ ሲያደርጉ፣ የኮምፒውተሮቹ ቁጥር ከተማሪዎቹ ቁጥር በላይ ሆኖ ሳለ በሂሳብና በቋንቋ ፈተና ውጤት ላይ የታየ ለውጥ እንዳላገኙ አስታውቀዋል። መሣሪያው ደርሷል፤ መምህሩ መሣሪያውን ከዕለቱ ትምህርት ጋር እንዴት እንደሚያገናኘው የሚያሳይ በቂ ሥልጠናና ድጋፍ ግን አብሮ አልደረሰም። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዓለም አቀፍ የትምህርት ክትትል ሪፖርቱ ቴክኖሎጂ በተማሪና በመምህር መካከል ያለውን የፊት ለፊት ግንኙነት መደገፍ እንጂ መተካት እንደማይገባው አሳስቧል።

አንድ ክፍለ ጊዜ በተግባር

ነገሩን በምሳሌ መመልከት ይሻላል። የፊዚክስ መምህር ስለ ኤሌክትሪክ ፍሰት ሊያስተምሩ ነው እንበል። በትምህርት ቤቱ አንድ ላፕቶፕና አንድ ፕሮጀክተር አለ። በላፕቶፑ ላይ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በነፃ የሚያቀርበው «ፌት» የተባለው የምስለ ሙከራ ፕሮግራም ተጭኗል። ፕሮግራሙ አንዴ ከወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። በዚህ ፕሮግራም ባትሪ፣ ሽቦ፣ አምፖልና ማብሪያ ማጥፊያ በማያ ገጹ ላይ እየገጣጠሙ የሚሆነውን ማየት ይቻላል።

መምህሩ ፕሮግራሙን ከፍተው «እዩ፣ አምፖሉ በራ» ቢሉ ተማሪዎቹ ይደሰታሉ፤ የሚማሩት ግን ጥቂት ነው። በዚህ ርዕስ ላይ ብዙ ተማሪዎች ይዘውት የሚመጡት አንድ የተሳሳተ ግንዛቤ አለ። ሁለት ተመሳሳይ አምፖሎች አንዱ ከሌላው ቀጥሎ ከአንድ ባትሪ ጋር ሲያያዙ፣ የመጀመሪያው አምፖል ኤሌክትሪኩን «ስለሚጠቀምበት» ለሁለተኛው የሚደርሰው ያነሰ ይሆናል ብለው ያስባሉ። ልምድ ያለው መምህር ይህን ያውቃል። ስለዚህ ማብሪያውን ከመንካቱ በፊት ሥዕሉን ብቻ ያሳይና ይጠይቃል፤ «የትኛው አምፖል ይበልጥ ይበራል? የመጀመሪያው የምትሉ እጅ አውጡ። ሁለተኛው የምትሉስ? እኩል የምትሉ?» ቁጥሩን በሰሌዳው ላይ ይጽፋል። ተማሪዎቹ ከጎናቸው ከተቀመጠው ጋር ለሁለት ደቂቃ እንዲከራከሩ ያደርጋል። ማብሪያው የሚበራው ከዚያ በኋላ ነው።

ሁለቱም አምፖሎች እኩል ይበራሉ። ክፍሉ ይንጫጫል። አሁን እያንዳንዱ ተማሪ የራሱ ግምት ለምን እንደተሳሳተ ማወቅ ይፈልጋል፤ ማብራሪያውም ከዚህ በኋላ የሚሰጥ ስለሆነ ይቀመጣል። መምህሩ በፕሮግራሙ ላይ ያለውን የፍሰት መለኪያ በተለያየ ቦታ እያስገባ በወረዳው ሁሉ አንድ ዓይነት ንባብ እንደሚያሳይ ያሳያል። ፍሰቱ እንደማያልቅ፣ አምፖሉ የሚወስደው ኃይልን እንጂ ፍሰቱን እንዳልሆነ ያስረዳል። የሚቻል ከሆነም ከገበያ የተገዙ ሁለት ባትሪ ድንጋዮችንና የእጅ ባትሪ አምፖሎችን አምጥቶ ያንኑ በእውነተኛ ዕቃ ይደግመዋል። በማያ ገጽ ላይ የታየ ሙከራ በእጅ ከተነካ ሙከራ ጋር አንድ አይደለምና።

እዚህ ላይ መሣሪያው ሠርቷል የሚባለው ለአሥር ደቂቃ ያህል ነው። የቀረውን የሠራው መምህሩ ነው። ጥያቄውን የመረጠው፣ ማብሪያው መቼ እንደሚበራ የወሰነው፣ ከኋላ መቀመጫ ዝም ብላ የተቀመጠችውን ልጅ ግምቷን የጠየቃት፣ ማስታወሻ ሳይጻፍ ክፍለ ጊዜው እንዳያልቅ የተቆጣጠረው እርሱ ነው። ክፍለ ጊዜው ካለቀም በኋላ መውጫ ጥያቄ ሰጥቶ በቁራጭ ወረቀት የተጻፉ መልሶችን ሰብስቦ ያነባል፤ በማግስቱ የሚያስተምረውን የሚወስነው በዚያ ነው። ወላጅ ልጁን «ዛሬ ምን አያችሁ?» ብሎ ከሚጠይቅ «ምን ገምታችሁ ነበር? ለምን ተሳሳተ?» ብሎ ቢጠይቅ ክፍለ ጊዜው እንዴት እንደዋለ በቀላሉ ይረዳል።

ፈረቃና ተራ በበዛበት ክፍል

ከላይ የተገለጸው ፕሮጀክተር ላለው ክፍል ነው። በበርካታ ትምህርት ቤቶቻችን ከ60 በላይ ተማሪዎች በአንድ ክፍል ተቀምጠው፣ የኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ የሚሠሩት ማሽኖች ጥቂት መሆናቸው የሚታወቅ ነው። አራት አምስት ተማሪዎች በአንድ ኮምፒውተር ዙሪያ ሲሰበሰቡ የሚሆነውን የኮምፒውተር ክፍል የጎበኘ ሁሉ ያውቀዋል። አይጧን (ማውዙን) የሚይዘው ቤቱ ኮምፒውተር ያለው ወይም ደፈር ያለ ተማሪ ነው፤ ሌሎቹ ተመልካች ይሆናሉ። ብዙ ጊዜ ተመልካች የሚሆኑት ደግሞ ሴቶች ተማሪዎችና ከገጠር የመጡ ልጆች ናቸው። መሣሪያው ለሁሉም የቀረበ ይመስላል፤ በተግባር ግን ቀድሞም የነበረውን ልዩነት ያሰፋል።

ይህን የሚያስተካክል ፕሮግራም የለም። የሚያስተካክለው በየሰባት በየስምንት ደቂቃው «ቦታ ቀይሩ» የሚል መምህር ነው። አንዱ አይጧን ሲይዝ አንዱ የሚጽፍ፣ አንዱ መመሪያውን ጮክ ብሎ የሚያነብ፣ አንዱ ደግሞ ውጤቱን ለክፍሉ የሚያቀርብ ይሆናል። በሚቀጥለው ተራ ኃላፊነቱ ይቀያየራል። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ተማሪ በዓመት ውስጥ የቁልፍ ሰሌዳ ነክቶ የሚያውቀው ስንት ደቂቃ ነው የሚለውን የሚወስነው ይህ ነው።

ጉዳዩ የማወቅ ጉጉትን ከማርካት ያለፈ ክብደት አለው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለተወሰኑ ተፈታኞች በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። የፊዚክስ መልሱን እያወቀ ገጽ ወደ ኋላ መመለስ ያልቻለ፣ የመረጠውን መልስ ማስተካከል የከበደው፣ የሰዓቱን ቆጣሪ አይቶ የደነገጠ ተፈታኝ የሚያጣው ነጥብ ከዕውቀቱ ማነስ የመጣ አይደለም። ስለዚህ ተማሪዎችን ለእንዲህ ያለ ፈተና ማለማመድ የኮምፒውተር ትምህርት መምህሩ ብቻ ኃላፊነት ሆኖ መታየት የለበትም። የሂሳብ መምህሩም፣ የጂኦግራፊ መምህሯም ቢያንስ ጥቂት የክፍል ምዘናዎችን በኮምፒውተር ክፍሉ ቢሰጡ ተማሪው በፈተናው ቀን ከመሣሪያው ጋር አዲስ አይሆንም። ኮምፒውተር በሌለበት ትምህርት ቤት ደግሞ መምህራን በአቅራቢያው ካለ ትምህርት ቤት ወይም ኮሌጅ ጋር ተነጋግረው ተማሪዎቹ ከፈተናው በፊት ለጥቂት ሰዓታትም ቢሆን እንዲለማመዱ ማድረግ ይችላሉ። ወላጆች በዚህ ጉዳይ ላይ ትምህርት ቤቱን አስቀድመው፣ ዓመቱ ሳያልቅ ቢጠይቁ ይመረጣል።

መብራትና ኢንተርኔት በሌለበትም የሚሠራ ነገር አለ። መምህሩ በከተማ ሳለ በስልኩ ያወረደውን አጭር የድምፅ ቅጂ ወይም ሥዕል በክፍል ሊጠቀምበት ይችላል። ኢንተርኔት ሳያስፈልጋቸው መጻሕፍትንና የውክፔዲያን ገጾች የሚያሳዩ ፕሮግራሞችም አሉ። ሆኖም የስልኩ ባትሪ ከማለቁ በፊት ሁለተኛ ዕቅድ ይዞ ወደ ክፍል የሚገባ መምህር ያስፈልጋል፤ በዕለታዊ የትምህርት ዕቅዱ ላይ «መሣሪያው ባይሠራ» የሚል አንድ መስመር የሌለው መምህር ለመብራት መቋረጥ እጁን የሰጠ ነው።

ስለ ቋንቋ

በማያ ገጽ የሚቀርቡ ትምህርቶች አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ ናቸው። በአንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋው የተማረ ልጅ በላይኛው ክፍል የሚያገኘው ቪዲዮ ፍጥነቱም አነጋገሩም እንግዳ ይሆንበታል። በፕላዝማው ዘመን የታየው ትልቁ ችግር ይኸው ነበር፤ ዛሬም አልጠፋም። ልዩነቱ ዛሬ መምህሩ ቪዲዮውን ማቆም መቻሉ ነው። አንድ የአምስት ደቂቃ ቪዲዮ ሦስት ጊዜ ቆሞ፣ ቁልፍ ቃላቱ በሰሌዳ ተጽፈው፣ ተማሪዎቹ የሰሙትን በራሳቸው ቋንቋ ለጓደኛቸው አስረድተው ሲያልፍ ሃያ ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። ይህ ጊዜ ማባከን አይደለም። የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ በሆነበት ክፍል መምህሩ አንድን ጽንሰ ሐሳብ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛ ወይም በሌላ የአካባቢው ቋንቋ አስረድቶ ወደ እንግሊዝኛው ቢመለስ፣ ወላጆች «እንግሊዝኛ አያስተምርም» ብለው ሊቆጥሩበት አይገባም።

ማየትና መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች ባሉበት ክፍል የመምህሩ ጥንቃቄ ይጨምራል። «እዚህ ጋ እንደምታዩት» የሚለው አነጋገር ለማየት ለተሳነው ተማሪ ምንም አይነግረውም፤ መምህሩ በማያ ገጹ ላይ ያለውን በቃል መግለጽ ይኖርበታል። መስማት ለተሳናት ተማሪም ጽሑፍ የሌለው ቪዲዮ ባዶ ምስል ነውና ዋናው ሐሳብ አስቀድሞ በጽሑፍ ሊሰጣት ይገባል።

ቤት ውስጥ ያለው ስልክና የቤት ሥራ

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮቪድ 19 ምክንያት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ሲወሰን ትምህርቱ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም እንዲቀጥል ጥረት ተደርጎ ነበር። ብዙ ወላጆች የትምህርት ቴክኖሎጂን በቅርብ ያወቁት ያኔ ነው። ያኔ ግልጽ የሆነ አንድ ነገር ቢኖር፣ በቤቱ ቴሌቪዥንና ጥሩ ስልክ ያለው ልጅም እንኳ የሚጠይቀውና የሚያርመው ሰው ካላገኘ ትምህርቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እንደሚቀዘቅዝ ነው። ምንም መሣሪያ የሌለው ልጅ ደግሞ ጨርሶ ተቋርጦ ቆይቷል።

ከዚያ ወዲህ በቴሌግራም ቡድን የቤት ሥራ መላክ በበርካታ ከተሞች የተለመደ ሆኗል። አሠራሩ ለወላጅ ምቹ ነው። ነገር ግን መምህሩ ሊያስባቸው የሚገቡ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የዳታ ወጪው ነው፤ አንድን ገጽ ፎቶ አንሥቶ መላክ ሲቻል ረጅም ቪዲዮ መላክ ወጪውን ወደ ወላጅ ማስተላለፍ ነው። ሁለተኛው ስልክ የሌለው ቤተሰብ ነው። በስልክ ብቻ የተላከ የቤት ሥራ ላልደረሰው ተማሪ ዜሮ መስጠት ተገቢ አይደለም። የቤት ሥራው በክፍል ሰሌዳ ላይም መጻፍ አለበት፤ ስልኩ ለማስታወሻ ነው።

የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ይፋ የሆነው ቻትጂፒቲ፣ ለመምህሩ አዲስ ሥራ አምጥተውበታል። ተማሪው ጥያቄውን ጽፎ ድርሰቱን በሙሉ ሊያገኝ ይችላል። እነዚህ መሣሪያዎች የተሳሳተውንም ትክክል በሚመስል አነጋገር ያቀርባሉ፤ ስለ ኢትዮጵያ ታሪክና ጂኦግራፊ ሲጠየቁ ደግሞ የሌለ ነገር ፈጥረው ሊመልሱ ይችላሉ። መምህሩ መሣሪያውን በመከልከል ብቻ ችግሩን አይፈታውም። የሚያዋጣው የቤት ሥራውን መልክ መለወጥ ነው። «ስለ አባይ ወንዝ ጻፍ» ከሚል ይልቅ «ከሰፈራችሁ ያለው ወንዝ ወይም ጅረት ከየት ተነሥቶ የት እንደሚገባ ሽማግሌ ጠይቀህ ጻፍ» የሚለው በማሽን የማይሠራ ነው። የተጻፈውን በክፍል ፊት በቃል ማስረዳትም ሌላው መንገድ ነው፤ ያልጻፈውን በቃል ማስረዳት የሚችል ተማሪ ጥቂት ነው። መሣሪያው የሰጠውን መልስ ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር አስተያይቶ ስሕተቱን ማውጣት ደግሞ ራሱ ጥሩ የክፍል ሥራ ይሆናል።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ አንድ ማሳሰቢያ አለ። የተማሪዎች ፎቶግራፍ፣ ውጤትና የቤተሰብ ስልክ ቁጥር በብዙ ሰው ቡድን ውስጥ ሲለጠፍ ይታያል። የልጆችን ውጤት በስም ዘርዝሮ በቡድን መለጠፍ ለጎበዙም ለደካማውም አይጠቅምም። በኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የወጣ ሲሆን፣ መምህራንና ትምህርት ቤቶች የተማሪን መረጃ በኃላፊነት መያዝ እንዳለባቸው ሊያውቁ ይገባል። ወላጅም የልጁ ፎቶ እንዳይለጠፍ የመጠየቅ መብት እንዳለው አውቆ ያለ መሳቀቅ መናገር ይችላል።

የመምህሩ ዝግጅት

መምህሩ ይህን ሁሉ ያደርጋል ብሎ መጠበቅ የሚቻለው ሲደገፍ ነው። መሣሪያ አስረክቦ የአንድ ቀን ገለጻ መስጠት ሥልጠና ሊባል አይችልም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2018 ያሻሻለው የመምህራን የቴክኖሎጂ ብቃት ማዕቀፍ ብቃቱን በሦስት ደረጃ ያስቀምጠዋል። የመጀመሪያው መሣሪያውን ማወቅና በትምህርቱ ውስጥ መጠቀም፣ ሁለተኛው ተማሪዎች የገሐዱን ዓለም ችግር እንዲፈቱበት ማድረግ፣ ሦስተኛው ደግሞ መምህሩና ተማሪዎቹ ራሳቸው ዕውቀት እንዲያፈልቁበት ማስቻል ነው። ብዙው ሥልጠና በመጀመሪያው ደረጃ ላይ፣ ያውም ማሽኑን ከፍቶ በመዝጋት ላይ ቆሞ ይቀራል።

ከሥልጠና አዳራሽ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚጠቅመው በጉድኝት ማዕከላት የሚደረገው የእርስ በርስ ትምህርት ነው። የአንድ ጉድኝት የፊዚክስ መምህራን በወር አንድ ጊዜ ተገናኝተው አንዱ የሠራበትን ምስለ ሙከራ ለሌሎቹ ቢያሳይ፣ የከሸፈበትንም ቢነግራቸው፣ ሁሉም ከየራሳቸው ስሕተት ብቻ ከሚማሩ ይቀላቸዋል። ርዕሰ መምህራንና ሱፐርቫይዘሮች ክፍል ሲጎበኙ «ኮምፒውተር ተጠቅሟል ወይስ አልተጠቀመም» ብለው ምልክት ከማድረግ ይልቅ ተማሪዎቹ ምን ሲሠሩ እንደነበር ቢመዘግቡ መምህሩ ለታይታ ፕሮጀክተር ከመክፈት ይድናል። በጠመኔና በጥቁር ሰሌዳ በሚገባ የተሰጠ ትምህርት በፕሮጀክተር ከተበላሸ ትምህርት ይሻላል፤ ይህን ለመምህራኑ በግልጽ መንገር ያስፈልጋል።

ወላጆችና ተማሪዎች ምን ሊጠይቁ ይችላሉ?

በመግቢያው ወደተጠቀሱት ሁለት ቅሬታዎች ስንመለስ፣ ልጅዎ በክፍል ቪዲዮ ማየቱ ብቻውን ችግር አይደለም። ችግር የሚሆነው ቪዲዮው ሳይቆም ካለቀ፣ ጥያቄ ካልተጠየቀበት፣ በደብተሩም ላይ ምንም ካልሰፈረ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የልጅዎን ደብተር ይመልከቱ። መምህሩ በጠመኔ ማስተማራቸውም ብቻውን ችግር አይደለም። ትምህርት ቤቱ የሚሠሩ ኮምፒውተሮች እያሉት ክፍሉ ዓመቱን ሙሉ ተቆልፎ የሚውል ከሆነ ግን ምክንያቱን መጠየቅ ተገቢ ነው። አንዳንድ ጊዜ ምክንያቱ የተበላሸ ማከፋፈያ ወይም የጠፋ ቁልፍ ሆኖ ይገኛል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ «ይሰበራል» የሚል ፍርሃት ነው።

ትምህርት ቤቱ ለልጅዎ መሣሪያ እንዲገዙ ወይም ለዲጂታል ትምህርት ገንዘብ እንዲያዋጡ ከጠየቀ፣ መሣሪያው በየትኛው ትምህርት፣ በሳምንት ለስንት ክፍለ ጊዜ፣ በየትኛው መምህር አማካይነት እንደሚያገለግል እንዲገለጽልዎ ይጠይቁ። መግዛት ለማይችል ቤተሰብ የተዘጋጀው አማራጭ ምን እንደሆነም እንዲሁ። ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ከሌለ መሣሪያው ከመምህራኑ ዕቅድ ቀድሞ የመጣ ነው ማለት ነው።

ጥያቄዎን በመጀመሪያ ለክፍል ኃላፊው መምህር ወይም ለትምህርቱ መምህር በአክብሮት ያቅርቡ፤ አብዛኛው ጉዳይ እዚያው ያልቃል። ካልሆነ ለርዕሰ መምህሩ፣ ቀጥሎም ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) ማቅረብ ይቻላል። ኅብረቱ የትምህርት ቤቱን መሣሪያዎች ሁኔታ በስብሰባው አጀንዳ እንዲያደርግ ማንኛውም ወላጅ ሊጠይቅ ይችላል። በትምህርት ቤቱ ደረጃ ያልተፈታ ጉዳይ ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ እንደ ክልሉ አደረጃጀትም ወደ ዞን ትምህርት መምሪያና ወደ ክልል ወይም ከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮ ይቀርባል። አቤቱታው በጽሑፍ ቢሆን፣ የትምህርቱ ዓይነት፣ የክፍል ደረጃውና ችግሩ የታየበት ጊዜ ቢገለጽበት፣ በጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ገቢ ሆኖ ቁጥር ቢወጣለት ለመከታተል ይመቻል።